ትንፋሼ ያስነሳው የወንዝ ዳር ሰው

ዛሬ ጠዋት አንዲት አሜሪካዊት አሮጊት ሻንጣና ድመት ይዘው ከቤታቸው ሊወጡ ሲጣደፉ ቆሜ አየሁ። ያጣደፍኳቸው እኔ ነኝ... ያውም አንዲት ቃል ሳልተነፍስ።

እሠራበት የነበረው የቬጋስ ካዚኖ በኮሮና ዘግቶ ሲከፍት እኔን ሳይጠራኝ ቀረ። የቤተ ክርስቲያናችን አንዲት እህት ናት ይሄን ሥራ ያገናኘችኝ። ከቬጋስ ወጣ ብላ ተራራ ላይ ባለች ትንሽ ከተማ ወንዙ ድንገት ቢሞላ የትኛውን ቤት ጎርፍ እንደሚያገኘው የሚያጠና ማይክ የሚባል ኢንጂነር አለ። እሱ ይለካል፣ እኔ ደረቁ ወንዝ ውስጥ መለኪያ ዘንግ ይዤ እቆማለሁ። ከዚያ አብረን እየዞርን ውሃው ድሮ እስከ የት እንደደረሰ ነዋሪውን እንጠይቃለን። ይሄ ሳምንት ሙከራ ነው፤ ካልወደደኝ ሰኞ የለሁም። የቤት ሬንት ደግሞ ሙከራ አያውቅም።

ማይክ ገና መኪና ውስጥ እያለን «አንድ ነገር ብቻ... ሰዉን እንዳታስደነግጪ» አለኝ። እኔ እንኳን ሰው ዝንብ አላስደነግጥም አልኩ በሆዴ።

መጀመሪያ የሄድነው እማማ ሊንዳ ጋ ነው። «እማማ»ን የጨመርኩት እኔ ነኝ፤ እናቴን የሚያክሉ ሰው በስማቸው ብቻ ልጥራ ብል አፌ አይታዘዝልኝም። ማስካችንን አድርገን በረንዳቸው ላይ ቆምን።

«አንዴ ውሃው እስከ አጥሩ መጣ» አሉ።

እኔ ትንፋሼን ወደ ውስጥ ሳብ። ታውቋታላችሁ... ሰው ሲያወራን «አዎ፣ እየሰማሁ ነው» የምንልባትን።

«ሌላ ጊዜ የጎረቤቴን የዶሮ ቤት ይዞት ሄደ።»

ሳብ። ማስኬ አፌ ላይ ልጥፍ አለ። ዓይኔ ደግሞ ሲፈጥረው ትልቅ ነው።

ማይክ «የእርስዎ ቤት ከፍ ያለ ቦታ ላይ ነው፣ አይስጉ» ሲላቸው እኔም ልደግፈው ብዬ ሳብ። እሳቸው እሱን ትተው እኔን ማየት ጀመሩ።

ማይክ ዕቃ ሊያመጣ ወደ መኪናው ሄደ። እማማ ሊንዳ ጠጋ አሉና «እውነቱን ንገሪኝ፣ ልጄ ጋ ልሂድ?» አሉኝ። ልጅን መጠየቅ ምን ክፋት አለው? ሳብ።

«ዛሬውኑ?»

ሳብ።

ማይክ ሲመለስ ሻንጣው በር ላይ ነው፣ ድመቷ ቅርጫት ውስጥ ናት፣ እሳቸው ስልክ ይዘው ጎረቤት እያስጠነቀቁ ነው።

«ምን አልሻቸው?»

«ምንም።»

«እውነቷን ነው፣ ምንም አላለችም» አሉ እማማ ሊንዳ። «ትንፋሿ ግን ቁርጥ እያለ ነበር።»

ላቤ ጠብ እያለ ትንፋሽ መሳብ በእኛ አገር አዎ ማለት እንደሆነ አስረዳሁ። ማይክ «ሳይታወቅሽ ነው የምታደርጊው?» አለኝ። ሳብ። እማማ ሊንዳ መጀመሪያ ድመታቸውን እቅፍ አደረጉ፣ ከዚያ ሲገባቸው በሳቅ ፍርስ አሉ። ማይክ ግን ፈገግ እንኳ አላለም።

መኪና ውስጥ በቃ አለቀልኝ አልኩ።

ቀጥሎ ሮን የሚባሉ ሽማግሌ ጋ ደረስን። የሚኖሩት ወንዙ አፍ ላይ በቆመ ትሬይለር፣ በመኪና በሚጎተት ቤት ውስጥ ነው። ማይክ «አደጋ አለው፣ ያንሱት» እያለ ስንት ጊዜ ቢመላለስ ወይ ፍንክች ብለዋል። ዛሬም ቢራቸውን ይዘው በር ላይ ተቀምጠዋል። ማይክን እንዳላዩት አለፉትና ወደ እኔ ዞሩ።

«አንቺስ ምን ትያለሽ? ውሃው ይወስደኛል?» አሉኝ እያሾፉ።

ዳግመኛ ትንፍሽ አልልም ብዬ ለራሴ ምዬ ነበር። ግን ዓይኔ ትሬይለሩ ሥር ጎርፍ ሸርሽሮ ባዶ ያስቀረው መሬት ላይ አረፈ... ሳብ።

ሽማግሌው ከት ብለው ሳቁ። «እኔን እንኳ አታታልይኝም። ሊንዳ አሁን ደውላ ነግራኛለች። እናንተ ጋ አዎ ማለት ነው...»

ሳቃቸው መሃል ላይ ቆመ። ቢራውን መሬት አስቀመጡት።

«አዎ ነው ያልሽኝ?»

ጎንበስ ብለው የትሬይለሩን ሥር አዩ፤ ቆይተው ቀና ሲሉ ፊታቸው ሌላ ሆኗል። «ታዲያ የት ልውሰደው?» አሉት ማይክን።

ስንመለስ ማይክ «ሰኞም ነይ» አለኝ።

ስንት ዓመት እንግሊዝኛዬን ሳስተካክል ኖሬ፣ ሥራዬን ያተረፈልኝ ቃል ሳልተነፍስ ያልኩት አዎ ነው።