ለሚን የቆጠርንበት ምሽት

ልጅ ሳለሁ፣ ከየካ ሚካኤል ከፍ ብሎ ባለው ሰፈራችን፣ ሰዓት እላፊው ሰውን ሁሉ በጊዜ እቤቱ ይከተው ስለነበር ምሽቱ ረጅም ነበር፤ ደርግን የማመሰግነው በዚህ ብቻ ነው። አያቴ አባባ ቶላ የባሕር ዛፉን ፍም እየቆሰቆሱ፣ በኩራዝ ብርሃን ሰባት ቤት ያስቆጥሩኝ ነበር፤ ከራሴ ስም ተነስቼ፣ ከአባቴ ከታደሰ ወደ እሳቸው፣ ከእሳቸው ወደ አባታቸው ወደ ጉደታ፣ ከዚያም ወደ ቡልቶ እያልኩ ወደ ላይ መውጣት ነው። እያንዳንዱ ስም ተረት ነበረው፤ ጉደታ ከጅብ ጋር ተከራክሮ የረታ፣ ቡልቶ በሠርጉ ቀን በቅሎ ላይ እንቅልፍ ወስዶት የሌላ ሰው ሠርግ ላይ የተገኘ። አንዱን ስም ከዘለልኩ አያቴ «ገደል ከተትሽው! ውረጂና አውጪው!» ይሉና እንደገና ያስጀምሩኛል።

ያኔ ታዲያ አንድ ነገር ይከነክነኝ ነበር። ጎረቤቶች እናቴን የሚጠሯት «የለሚ እናት» እያሉ ነው። ለሚ እኔ ሳልወለድ በሕፃንነቱ የሞተ ወንድሜ ነው። እናቴ ስሙን አንስታ አታውቅም፤ ተረትም አልነበረውም። ወንድም እያለኝ ምን ዓይነት ልጅ እንደነበር አለማወቄ ያንገበግበኝ ነበር።

አንድ ምሽት ደፈርኩ። «አባባ፣ ለሚ ለምን አይቆጠርም?»

«ሰው የሚቆጥረው ከራሱ ተነስቶ ነው» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «እሱ አፉን ሳይፈታ ሄደ።»

«እኔ ልቁጠርለት?»

ጥግ ላይ ጥጥ ታባዝት የነበረችው እናቴ እጇን አቆመች። ፈራሁ፤ ግን አንዴ ጀምሬዋለሁ ብዬ ቀጠልኩ። «ለሚ፣ ታደሰ፣ ቶላ፣ ቡልቶ…»

«ጉደታን ገደል ከተትሽው!» አለች እናቴ።

እሷ መሆኗን ለማመን ዞር ብዬ አየኋት። ዓይኗ እንባ አቅርሮ ትስቃለች።

«በይ እንግዲህ» አሏት አያቴ፣ «የተቆጠረ ሰው ተረት አለው፤ የልጅሽን አምጪ።»

«እርስዎ ሲያስነጥሱ ነበራ የሚስቀው፤ ደግመው እንዲያስነጥሱለት ጢምዎን ይጎትት ነበር። ረሱት?»

«ምን እረሳለሁ! ኋላ ኋላማ አውቄ ነበር የማስነጥስለት» ብለው እዚያው አሳዩን፤ ሳቃችን ቢበዛ ጎረቤት ግድግዳውን ደበደበ። ደስ አለኝ፤ የዚያን ምሽት ወንድም አገኘሁ። እናቴም ከዚያ ወዲያ ስሙን ሳትፈራ ታነሳው ጀመር።

ጉደታ ጅቡን በምን ቃል እንደረታው ዛሬ ጠፍቶኛል። ልጆቼ ግን በእኔ በኩል ሲቆጥሩ፣ ከእኔ ቀጥለው አጎታቸውን ለሚን ይጠራሉ፤ እሱ ጋ ሲደርሱ ቆም ይሉና፣ ሁሉም በአንድ ላይ ያስነጥሱለታል።