የታናሽ እህቷ ሱቅ

ልብስ ሰፊዋ በታናሽ እህቷ መቅናት የጀመረችው ገና በልጅነታቸው ነው። የባሰባት ግን ታናሽየዋ ከመንገዱ ማዶ የልብስ ሱቅ ስትከፍት ነበር። አገሩ ከጎረቤቶቹ ጋር የንግድ ስምምነት ስለነበረው የተሰፋ ቀሚስ ያለ ቀረጥ ድንበር ተሻግሮ ይገባል። እሷ አንዱን ቀሚስ ቆርጣ፣ ሰፍታ፣ ተኩሳ እስክትጨርስ ታናሽየዋ መስቀያ ሙሉ ልብስ ትሸጣለች። እናታቸው ደግሞ እንግዳ በመጣ ቁጥር ታናሽየዋን እያሳዩ፣ «ይቺ ናት የኔ ነጋዴ!» ይላሉ። ያኔ የልብስ ሰፊዋ አንጀት እርር ይላል።

አንድ ቀን ሬዲዮው አገሩ ከስምምነቱ መውጣቱን፣ ከውጭ በሚገባ ልብስና ዕቃ ላይ ቀረጥ መጣሉን ተናገረ።

«እሰይ! አሁን ደግሞ ተራው የኔ ነው» አለች መቀሷን አስቀምጣ።

እውነትም የሱቁ ልብስ ዋጋ አልቀመስ አለ። ደንበኛው መንገዱን እየተሻገረ ወደ እሷ ጎረፈ። ታናሽየዋ ብቻዋን ቆማ አቧራ ስታራግፍ በመስኮት እያየች አንጀቷ ቅቤ ጠጣ።

ደስታው አልበረከተም። ለካ ዚፑም፣ ክሩም፣ ገበሩም የሚመጣው በዚያው ድንበር ኖሯል! ዕቃ የሚያቀርብላት ነጋዴ፣ «የለም እህቴ፤ ያለውም ዋጋው እሳት ነው» አላት። ለምረቃ የታዘዙ ቀሚሶች ዚፕ አጥተው ተከመሩ።

ታናሽየዋ ሱቋን የዘጋች ዕለት ሁለት ትልልቅ ፌስታል ተሸክማ መጣች።

«እትዬ፣ ያልተሸጡት ናቸው። ፍቻቸውና ዚፑንም ገበሩንም ተጠቀሚበት።»

«አንቺስ ምን ልትበዪ ነው?»

«ድንበሩ ላይ ትራንዚተር ቢሮ ሥራ አገኘሁ። ቀረጥ ሲመጣ ወረቀት የሚያስጨርስ ሰው ይፈለጋል አይደል?» ብላ ሳቀች።

ልብስ ሰፊዋ ማመስገን ፈልጋ ነበር። ከአፏ የወጣው ግን፣ «አንቺን መቼም ጎርፍም አይወስድሽ!» የሚል ሆነ። በደግነትም መበለጧ ሌላ እሳት ሆነባት።

ቢሆንም ዚፑን ፈትታ ቀሚሶቹን አደረሰች። ከተፈቱት ልብሶች በተረፈው ጨርቅና ገበር ለታናሿ የሥራ ኮት ሰፋችላት። ታናሽየዋ ኮቱን ለብሳ መስታወት ፊት ስትዞር እናታቸው፣ «ወይ የኔ ልጅ፣ ሲያምርብሽ!» አሉ።

«ስፌቱን እኮ እይው፣ እማዬ!» አለች ታናሽየዋ።

እናታቸው ግን ዓይናቸውን ከልጅቷ ፊት አላነሱም። ልብስ ሰፊዋ ዞር ብላ የስፌት መኪናዋን መርገጥ ጀመረች።