የበረዶ አገር ጫማ

የዘመቻ ትእዛዝ የደረሰን ቦሌ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው ጀርባ ሜዳ ላይ ድንኳን ተክለን ሳለ ነው። ዘመኑ የደርግ ነው፤ ወዴት እንደምንሄድ አይነገረንም፣ እኛም ደፍረን አንጠይቅም። የዚያን ቀን ጠዋት ግን ጫማ ታደለን። እስከ ጉልበት የሚደርስ፣ ሶሉ ወፍራም ጎማ፣ ገበሩ ጥቅጥቅ ያለ የበግ ጠጉር። ካርቶኑ ላይ በረዶ የተቆለለበት ዛፍ ተስሏል። ከመካከላችን በረዶ የሚያውቅ ቢኖር በክረምት ቆርቆሮ የሚደበድበውን ነው እንጂ እግር የሚውጠውን አይደለም።

«ልክ መምረጥ የለም፤ የደረሰህን አጥልቅ!» እያለ ያደለን የመቶ ጦራችን ሃምሳ አለቃ ባዩ ነበር። የት ሊወስዱን ነው ብንለው፣ «እኔም ከጫማው የበለጠ የማውቀው የለም» አለ።

እንግዲህ ጫማውን መመርመር ጀመርን። አንዱ ራስ ዳሸን ነው አለ፤ ሌላው የባሌ ተራራ። የድንኳን ጓደኛዬ ለገሰ ግን በሁለቱም ሳቀባቸው። «ለሥልጠና ሩሲያ ሊወስዱን ነው! ይሄን ጫማ የሚያስደርግ ሌላ አገር ንገሩኝ» አለ። ልክ መሰለን። ልክ እንዲሆንም ፈለግን፤ ሥልጠና ማለት ለጊዜውም ቢሆን ከጥይት መራቅ ነው። የዚያን ቀን ድንኳናችን ሠርግ ቤት ሆኖ ዋለ።

ለገሰ የቦሌ ሚካኤል ልጅ ነው። ወላጆቹ ከተማው ሳይደርስባቸው እዚያው ጤፍ ሲያርሱ የኖሩ ናቸው። ከሰዓት በኋላ ፈቃድ አግኝቶ እናቱን ሊሰናበት ሲሄድ አብሬው ሄድኩ። እናቱ እማማ ጫልቱ ባላቸው ሞቶባቸዋል፤ ከእሱ ሌላ ልጅም የላቸውም። ጫማውን አገላብጠው አዩና፣ «ይሄ የሰው ነው የዝሆን?» አሉ።

«የበረዶ አገር ጫማ ነው፣ እማዬ። ሩሲያ ልሄድ ነው።»

«ጦርነት የለበትም?»

«የለበትም።»

እልል አሉ። ጎረቤት ሁሉ ሰምቶ መጣ። ከዚያ ከሚካኤል ያመጡትን እምነት፣ ያን የተባረከ አመድ፣ በጨርቅ ቋጠሩ። የግራውን ጫማ ገበር በምላጭ ተርትረው ከተቱበትና በቀይ ክር መልሰው ሰፉት። ያኔ ካድሬ አንገት ላይ ክታብ ካየ ነገር ይፈልጋል። «ኪስ ይፈትሻል እንጂ እግር አይፈትሽም» አሉ። ለልጃቸውም፣ «እስክትመለስ ከእግርህ እንዳታወልቀው» አሉት።

«ስተኛም?»

«ስትተኛም!»

ለገሰ ስቆ ጉልበታቸውን ሳመ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ የጭነት አውሮፕላን ውስጥ አስገቡን። መስኮት የለውም። ገና ሩሲያ ስንት ሰዓት ያስኬዳል ብለን ስንከራከር ወረደ። በሩ ሲከፈት ወላፈን ፊታችንን ገረፈን። አሸዋ፣ ግራር፣ ግመል። ከቀይ ባሕር የማይርቅ ቆላ ነበር።

ለገሰ ዙሪያውን አየና፣ «ሃምሳ አለቃ፣ በረዶው ቀለጠ እንዴ?» አለ። ሳቅን። ሃምሳ አለቃ ባዩ ግን አልሳቀም፤ ከእኛ ይልቅ እሱ ግራ የተጋባ ይመስል ነበር።

ምሽግ ገባን። ጫማው በሁለት ሳምንት ውስጥ ሌላ ሥራ አገኘ። ጠጉሩን ገፍፈን ትራስ አደረግነው፣ ሶሉን ቆርጠን ሰንደል ሠራንበት። ለገሰ ብቻ እንቢ አለ። እግሩ በላብ በስሎ ቆዳው ሲላጥ ሐኪሙ፣ «ከጫማውና ከእግርህ አንዱን ምረጥ» አለው። የእናቱን ቃል ማፍረሱ ከቁስሉ በላይ አመመው። ቀኑን ሙሉ እንደተጫማ ዋለና ሲመሽ አወለቀ። ጫማዎቹን ግን ምሽጉ ውስጥ ራስጌው አስቀመጣቸው። ማንም እንዲነካቸው አይፈቅድም።

ጥቃቱ ጎህ ሲቀድ መጣ። ከግራ ነው አሉን፤ ወደ ግራ ዞርን። ከቀኝ ተተኮሰ። «ወደፊት!» ተባለ። ከምሽግ ወጣን። ወዲያው «ወደኋላ!» ተባለ። ከባድ መሣሪያው የእኛ ይሁን የእነሱ እስከ ዛሬ አላወቅንም። አቧራው ሁሉን ሸፈነው። ሃምሳ አለቃ ባዩ ቆሞ ሲያመለክት አየሁት፤ መልሼ ሳይ የለም።

ለገሰ አጠገቤ ወደቀ። ደረቱን ነው። «ጫማዬስ?» አለኝ። ሌላ ነገር አልተናገረም። በደረቴ ተስቤ ከምሽጉ አመጣሁለት። ስመለስ አልፏል።

ፀሐይ ስትወጣ ተኩሱ ቆመ። ሬሳ ሰበሰብን፤ ለገሰንና ሃምሳ አለቃን ጎን ለጎን ቀበርናቸው። ቦሌ ሜዳ ላይ በአንድ ድንኳን ከነበርነው አሥራ ሁለት ሰዎች የተረፍነው ሦስት ነን።

በኋላ ቆስዬ ከጦሩ ስሰናበት ጫማውን ይዤ አዲስ አበባ ገባሁ። መንግሥት ለእማማ ጫልቱ ምንም አላሳወቀም። የዕድሩን ሽማግሌዎች ይዤ፣ እንደ ወጉ ሳይነጋ፣ ከቤት ሳይወጡ ለመርዶ ደረስን። የዕድሩ ዳኛ ገና አፋቸውን ሲከፍቱ እማማ ጫልቱ ገባቸው።

«ተሳስታችኋል» አሉ። «የሞተው ሌላ ለገሰ ነው። የእኔ ልጅ በረዶ አገር ነው። ጦርነት የለበትም ብሎኛል።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። እነሱም እልልታውን ሰምተው የነበሩ ናቸው። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ጫማውን ከያዝኩት ጆንያ አውጥቼ ፊታቸው አስቀመጥኩ። እማማ ጫልቱ የግራውን አንስተው እጃቸውን ከገበሩ ውስጥ አስገቡ። ጣታቸው ስፌቱ ላይ ቆመ። ጩኸት ጠበቅን። አልጮሁም።

«ታዲያ ለምን አወለቀው?» አሉኝ።

«ሙቀት ነበር፣ እማማ። እግሩ ቆስሎ ነው።»

«በረዶ አገር?»

ከዚያ በኋላ ነው ቤቱ በለቅሶ የተሞላው። ጫማው ከለገሰ ፎቶ ጎን ለቅሶው ድንኳን ውስጥ ሦስት ቀን ተቀመጠ። ያየው ሁሉ ምን እንደሆነ ይጠይቅ ነበር።

ልጆች ዛሬ ጫማውን ማን ላከው፣ ለምን ለእኛ ደረሰ ይሉኛል። አላውቅም። አለቆቻችንም የሚያውቁ አይመስለኝም። ያን ሁሉ ሰው ወደዚያ ቆላ ያዘመተው ሐሳብ ራሱ ያኔ አልገባኝም፤ አሁንም አልገባኝም። ያዝናል ልቤ።

እማማ ጫልቱን እስኪሞቱ ድረስ ወር በገባ በአሥራ ሁለት፣ በሚካኤል ቀን፣ ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ አገኛቸው ነበር። ጉንጬን ስመው ያንኑ ይጠይቁኛል፦

«እውነት ሙቀቱ እንዲያ ያስወልቃል?»

«ያስወልቃል፣ እማማ።»

ከዚያ ጎንበስ ብለው የራሳቸውን ጫማ አውልቀው ይገባሉ።