በጣቢያው በር የተሰለፉት ድንጋዮች

ለዓመታት ቆሞ የነበረው ባቡር እንደገና ሲጀምር፣ ያገራችን ሰው ከሚበዛበት ከሜይፌር ሰፈር ብዙ በማይርቀው ትንሽ ጣቢያ በር ላይ ካልሲ መሸጥ ጀመርኩ። ልጆቼ እስኪበቃቸው ሳቁብኝ። ከጣቢያው ማዶ ግን የቡድሃ እምነት ተከታዮች ቤተ መቅደስ አለ። እሑድ እሑድ ምእመኑ ከባቡር ወርዶ ወደዚያ ይሻገራል፣ በር ላይ ጫማውን ያወልቃል፤ ወለሉ ደግሞ እንደ በረዶ ነው። ጸሎታቸው አይገባኝም፤ የቀዘቀዘ እግር ይገባኛል።

በሩ ላይ ያለው የቆርቆሮ ጥላ ሦስት ሻጭ ብቻ ይይዛል። ከዚያ ውጭ የቀረ ወይ ፀሐይ ነው ወይ ዝናብ። ስለዚህ እኛ ያገር ልጆች የሰፈር ቧንቧ ወረፋ ሥርዓታችንን ይዘን መጣን፤ ቀድሞ የደረሰ ድንጋይ አስቀምጦ ይሄዳል፣ ድንጋዩ እንደ ሰው ይቆጠራል። እኔም ማለዳ የራሴን አስቀምጬ፣ ቤቴ ገብቼ ሻዬን ጠጥቼ እመለስ ነበር።

አንድ እሑድ ስመለስ ከድንጋዬ ጎን ሁለት የተጠረቡ ድንጋዮች ተቀምጠዋል። ባለቤታቸው ብርድ ልብስ የሚያከፋፍል ያገራችን ሰው ነው፤ መኪናው ውስጥ ሆኖ ስልክ ያወራል። ወዲያው አንዲት የተቀቀለ በቆሎ የምትሸጥ የዙሉ ሴት ትልቅ ድስቷን ታቅፋ ከአሌክሳንድራ ሰፈር ከመጣ ታክሲ ወረደች። ከተጠረቡት አንዱን ድንጋይ በእግሯ ገፋ አድርጋ ተቀመጠች። ምን ታድርግ፣ ለሷ ድንጋይ ድንጋይ ነው።

ሰውየው ከመኪናው ወረደ። "ተነሽ፣ ቦታው ተይዟል" አላት በእንግሊዝኛ።

"በማን?"

ድንጋዩን አሳያት። ሴትዮዋ ወደ ድንጋዩ ጎንበስ ብላ "ሳውቦና" ብላ ሰላም አለችው። ትንሽ ጠበቀችና "አይመልስም" አለች።

ሳቄን መያዝ አልቻልኩም። ሰውየው ወደኔ ዞረ።

"እማማ፣ ይሳቃል እንዴ? ሥርዓታችንን ይንገሯት እንጂ።"

"ሁለተኛው ድንጋይ የማን ነው?"

"የባለቤቴ። ትመጣለች።"

"ባለፈው እሑድም ትመጣለች ብለኸኛል። ሙሽራ ናት እንዴ እንዲህ የምትጠበቀው? ላንድ ሰው አንድ ድንጋይ ነው ልጄ።"

"እርስዎስ? ሻይዎን ሲጠጡ ድንጋይዎ አይደል እዚህ የሚጠብቅልዎት?"

እውነቱን ነው። ሴትዮዋ ድስት ታቅፋ ከተማውን አቋርጣ መጥታለች፤ እኔ ሶፋ ላይ ነበርኩ። ከሱ የምሻለው በአንድ ድንጋይ ብቻ ነው። ሦስቱንም ድንጋይ አንድ በአንድ ተሸክሜ ተሻገርኩና ለቤተ መቅደሱ አትክልተኛ ሰጠሁት። እጅ ነሥቶ ተቀበለኝና አበባው ዙሪያ ደረደራቸው።

"ከእንግዲህ በእግሩ ቀድሞ የመጣ ይቀመጣል" አልኩ ስመለስ።

"ማን ሾመዎት?" አለ ሰውየው።

"ዕድሜዬ።"

በሚቀጥለው እሑድ ዝናብ ነበር፤ እኔም አረፈድኩ። ጥላው ሥር የበቆሎዋ ሴት፣ ሰውየውና በስንት ጊዜዋ የመጣችው ሚስቱ ተቀምጠዋል። ሴትዮዋ ድስቷን ወደ ጉያዋ ሳብ አድርጋ "ጎጎ፣ ነይ ጠጋ በይ" አለችኝ፤ አያቴ ማለቷ ነው። እምቢ አልኩ። ሕግ ያወጣ ሰው ዝናብ ሲመጣ አይሽረውም።

"እማማ፣ ሕጉ የእርስዎ ነው" አለኝ ሰውየው ጥርሱ እየታየ።

"ነው፤ ማን እምቢ አለ?"

ካልሲዬ ሁሉ ራሰ፤ እርጥብ ካልሲ የሚገዛ ደግሞ የለም። ሚስቱ ግን ተረከዘ ረጅም ጫማዋን ጭቃ ነክቶት ወደ ባሏ ዞረች። "ለዚህ ነው በጨለማ ከአልጋዬ ያስነሣኸኝ? ሱቅ አለን እኮ። እዚህ ቆርቆሮ ሥር ምን አጥተን ነው የምንጋፋው?" ብላ ጀመረች። ቶሎ አልጨረሰችም። እኔም ላስቲኬን ተከናንቤ እስከ መጨረሻው ሰማኋት።