ያልወጣው እሳት

ልጅ እያለሁ ጅብም ጨለማም አያስፈሩኝም ነበር። እንቅልፍ የነሳኝ ጋሞ አገር ኦቾሎ መንደር ከነበረው ቤታችን በታች፣ ገደሉን ከሥር እስከ አናቱ ሰንጥቆ የቆመው ጥቁር ድንጋይ ነው።

ጥፋቱ የመምህራችን ነው። ከጎንደር የመጡ ደግ ሰው ነበሩ። አንድ ቀን ክፍሉን በሙሉ እድንጋዩ ድረስ ወሰዱንና፣ «ይህ ድሮ ከመሬት በታች የቀለጠ ዓለት ነበር። ስንጥቅ እየፈለገ ሽቅብ መጣ፤ ግን ሳይወጣ እዚያው ውስጥ ቀስ ብሎ ቀዘቀዘና ጠጠረ። እኛ ያየነው ዝናብ ላዩ ላይ የነበረውን አፈር አጥቦ ስለወሰደው ነው» አሉን። ሌሎቹ ልጆች ጻፉ። እኔ መስመሩን በዓይኔ ተከተልኩት፤ በቀጥታ እኛ ጓሮ ሥር ይገባል።

ጓሮው ውስጥ ደግሞ የእናቴ የቆጮ ጉድጓድ ነበር፤ የተፋቀው እንሰት በቅጠል ተሸፍኖ፣ ድንጋይ ተጭኖት ለወራት የሚብላላበት። የዓመት ቀለባችን እሱ ነው። በማግስቱ ቅጠሉን ገልጬ እጄን ሰደድኩ። ይሞቃል! የሚብላላ ነገር እንደሚሞቅ ማን ነግሮኝ? የፈሩት ይደርሳል የሚሉት ደረሰ፣ እሳቱ በጓሯችን ሊወጣ ነው አልኩ። ታናሽ ወንድሜ እዚያው አጠገብ ጭቃ ያቦካል። በጄሪካን ያለውን ውሃ ሁሉ እየጎተትኩ ጉድጓዱ ውስጥ ገለበጥኩት።

እናቴ ስትደርስ ቀለባችን በውሃ ላይ ይንሳፈፋል። ጉድጓዱ አፍ ላይ ቁጢጥ አለችና በጋሞኛ፣ «ምን አደረግሽ ልጄ?» አለችኝ። እያለቀስኩ ነገርኳት። ግርፊያ ስጠብቅ እጄን ይዛ ወደ ገደሉ ወረደች። መጀመሪያ የራሷን መዳፍ ድንጋዩ ላይ አሳረፈች፤ ቆየት ብላ የእኔን አስነካችው። ቀዝቃዛ ነበር።

«ይኸው፣ ደክሞት ተኝቷል» አለችኝ።

ያን ዓመት ጎረቤት በሰጠን ቆጮና በስኳር ድንች ከረምን። አንድም ቀን አልወቀሰችኝም።

ዛሬ አርባ ምንጭ እኖራለሁ። እናቴ አርፋለች። ድንጋዩ እንዴት እንደተፈጠረ ከመምህሬ ባላነሰ አስረዳለሁ፤ መሬት አንዳንዴ ነቅነቅ ሲል ግን የተማርኩት ሁሉ ይጠፋብኛል። በቀደም ትንሿን ልጄን ወስጄ ድንጋዩን አሳየኋት።

«እማዬ፣ ያቃጥላል?» አለችኝ።

አያቃጥልም ልላት አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ልቤ እየመታ፣ ቀድሜ የራሴን እጅ አሳረፍኩ። እናቴም ያን ቀን ፈርታ እንደነበር የገባኝ ያኔ ነው።