ለወንድሜ ድምፅ የመረጥኩት ሃርድ ዲስክ

ሃርድ ዲስክ ሊሞት ሲል ድምፁን አውቀዋለሁ። ቋ ቋ ይላል፣ ዝም ይላል፣ ደግሞ ቋ ይላል። ጅማ፣ ሄርማታ፣ ከገበያው ጀርባ ባለችው ሱቄ ስንት ዓመት ኮምፒውተር ስጠግን፣ አንድም ሰው ሃርድ ዲስኩን በጤናው ይዞልኝ መጥቶ አያውቅም። ሁሉም የሚመጣው ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው። «የልጄ ፎቶ ነበረበት» ይላሉ። የኪቶ ፉርዲሳ ካምፓስ ተማሪዎች ደግሞ «የመመረቂያ ጽሑፌ ነበረበት» ይላሉ። ሌላ ቅጂ የላችሁም ወይ ስል ሁሉም መሬት መሬት ያያሉ። እንጀራዬ ባይሆን ኖሮ ሱቁን ዘግቼ ቡና ለቀማ እገባ ነበር።

ታናሽ ወንድሜ ያንኑ ድምፅ የሚያሰማ ኮምፒውተር አቅፎ ሱቄ የገባ ዕለትም ደክሞኝ ነበር። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠውና ላቡን ጠረገ።

«ይ-ይ-ይቆራረጣል» አለኝ።

ወንድሜ ከልጅነቱ ጀምሮ ይንተባተባል። ከጅማ ወጣ ብላ ባለችው ሰርቦ ከተማ፣ አንድ የቡና መጋዘን ውስጥ ሚዛን ላይ ነው የሚሠራው፤ ሚዛን ብዙ ንግግር አይጠይቅም። ቁርኣን ሲቀራ አንዲት ፊደል አትይዘውም። ጉሮሮው የሚቆለፍበት የራሱን ቃል ሊናገር ሲል ነው፦ ስሙን ሲጠየቅ፣ ሰላምታ ሲመልስ፣ ታክሲ ውስጥ «ወራጅ» ሊል ሲል። ስንት ጊዜ ሰፈራችንን አልፎ ወርዶ በእግሩ ተመልሷል።

የራሱን ቃል ሲናገር የማይንተባተበው አንድ ቦታ ብቻ ነው። ከሥራ ሲመለስ ክፍሉን ዘግቶ የኳስ ጌም ይጫወታል፤ ሲጫወትም ጨዋታውን በራሱ ድምፅ እያስተላለፈ ይቀርጸዋል። ጆይስቲኩን ጨብጦ ዓይኑን ስክሪኑ ላይ ከተከለ ሌላ ሰው ነው። አማርኛውን ከኦሮምኛው እያቀላቀለ፣ ተጫዋቹን እየተሳደበ፣ ዳኛውን እየረገመ፣ ሳይተነፍስ ያወራል። መጀመሪያ የሰማሁት ቀን እንግዳ የመጣበት መስሎኝ ነበር። ሻይ ላቅርብ ብዬ በሩን ብከፍተው ብቻውን ነው።

ቅጂውን ኢንተርኔት ላይ ይለቀዋል። ብዙ ሰው አያየውም፤ እሱ ግን ራሱን መልሶ መልሶ ይሰማዋል። አሁን እሱ ቅጂ ነው መቆራረጥ የጀመረው። ምስሉ ይቆማል፣ ድምፁ ይዘላል፣ ንግግሩ መሐል ላይ ይበጠሳል።

«እ-እዚያም ውስጥ እንደ እኔ ሆነ» አለኝ። ይህን ሲል ፊቱን ማየት ከብዶኝ ጎንበስ ብዬ መፍቻ ፈለግኩ።

ነገሩ የጌም ብቻ ቢሆን ኖሮ «አቦ ተወኝ» ብዬ እሸኘው ነበር። ግን ሰርቦ ያጫት ልጅ አለችው። ሽማግሌ ተልኮ፣ ቤተሰቧ እሺ ብሎ፣ ኒካው ሁለት ጊዜ ተራዝሟል። መጀመሪያ «ቡናው ይሰብሰብ» አለ፤ ተሰበሰበ። ቀጥሎ «ቤቱ ይታደስ» አለ፤ አደስነው። እውነተኛውን ምክንያት እኔና እናታችን እናውቃለን። ኒካው ሲታሰር የልጅቷ አባት «ድሬልሃለሁ» ይሉታል፤ እሱ ደግሞ በሼኹና በምስክሮቹ ፊት «ቀቢልቱ ኒካሐሃ» ማለት አለበት፤ ጋብቻዋን ተቀብያለሁ ማለት ነው። ሁለት ቃል ናት። እነዚያ ሁለት ቃላት ዕንቅልፍ ነስተውታል።

እናታችን መላ አላጣችም። «ወንድምህን ወኪል አድርገው፣ እሱ ይበልልህ። ሸሪዓውም ይፈቅዳል» አለችው።

«አይሆንም» አለ። «በ-በ-በራሴ አፍ ነው።»

የልጅቷ አባት ደግሞ ትዕግሥታቸው አለቀ። «ልጃችንን ካልፈለጋት በግልጽ ይንገረን» ብለው ሰው ላኩ። እውነታቸውን ነው፤ እኔም ሴት ልጅ ብትኖረኝ እንደዚያው አደርግ ነበር። ቀኑ ከረመዳን በፊት እንዲሆን ተቆረጠ። ዘንድሮ ካልሆነ ልጅቷ ለሌላ ናት።

ኮምፒውተሩን ከፈትኩት። አንድ ያረጀ ሃርድ ዲስክ ብቻ ነው ያለው፤ ጌሙም እዚያው፣ ቅጂውም እዚያው፣ ሌላው ኮተት ሁሉ እዚያው፣ እስከ አፉ ጢም ብሏል። ጌሙ «አንብብ» ይለዋል፣ ቅጂው «ጻፍ» ይለዋል። ሁለት ሚስት እንዳገባ ድሃ ወዲህና ወዲያ ሲሮጥ መንገድ ላይ የሚጥለው ቅጂውን ነው።

ወንድሜ ግን መድኃኒቱን ኢንተርኔት ላይ አግኝቶ ነው የመጣው። ሁለት ሃርድ ዲስክ ገዝቶ ማጣመር፣ እያንዳንዱ ቅጂ ግማሹ እዚህ፣ ግማሹ እዚያ እንዲጻፍ። ይፈጥናል፣ አልካድኩም።

«አንዱ ቢሞትስ?» አልኩት።

«አ-አዲስ ነው፤ ለምን ይሞታል?»

«እዚህ ጠረጴዛ ላይ የተኙት ሬሳዎች ሁሉ አንድ ቀን አዲስ ነበሩ ወላሂ። አንዱ ከሞተ የሌላው ግማሽ ምን ይጠቅምሃል? ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል ነው የሚባለው። አንተ ከሁለት አንዱ ሲሰበር ልውደቅ እያልክ ነው።»

ሳቀ። ሲስቅ አይንተባተብም።

ከዚያ ፍለጋው መጣ። ሁሉንም ፈጣን በሆነው ውድ ማስቀመጫ፣ በኤስኤስዲ፣ እናድርገው እንዳንል አቅማችን አይፈቅድም፤ ቅጂ ደግሞ ሆዱ ሰፊ ነው፣ ያገኘውን ሁሉ ይሞላል። ገበያ ወጥቼ «አዲስ ነው» የተባልኩትን ሃርድ ዲስክ ሱቄ አምጥቼ ብመረምረው ዕድሜውን ሌላ ቤት ሲያገለግል የኖረ ሆኖ ተገኘ። ላስቲኩ ብቻ ነው አዲስ። መለስኩት። ሌላ አመጣሁ፤ ያም እንደዚያው። ነጋዴው በሦስተኛው ሲያየኝ «አንተ ሰውዬ ሃርድ ዲስክ ነው ሚስት የምትመርጠው?» አለኝ። ለሚስት ነው አላልኩትም። እውነቱን ለመናገር በዚያ ሳምንት ለምን እንደምደክም እኔም ይጠፋኝ ነበር። ኒካ በሃርድ ዲስክ አይታሰርም።

በመጨረሻ ያሰብኩትን አገኘሁ። አንዲት ትንሽ ኤስኤስዲ ለኮምፒውተሩና ለጌሙ። አንድ ንጹሕ ሃርድ ዲስክ ለቅጂው ብቻ፤ ቅጂ ተራውን ጠብቆ ነው የሚጻፈው፣ መሐል የሚገባበት ካልኖረ ዝግታው አይጎዳውም። ከሱቄ ደግሞ አንድ ያረጀ ግን ጤነኛ ሃርድ ዲስክ አነሳሁ፤ እሱ ሁለተኛው ባላ ነው፣ ቅጂው ተገልብጦበት መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። የፋይሉንም ዓይነት ቀየርኩለት፤ መብራት ቢጠፋ እስከዚያ የተቀረጸው እንዲተርፍ። ጅማ ላይ መብራት ተሰናብቶ አይሄድም።

«አ-አሮጌው ላይ ያለውን ሁሉ አሻግርልኝ» አለኝ ወንድሜ። «አ-አንድም እንዳትሰርዝ።»

«ያለቀ ጨዋታ ማን ያየዋል?»

ጆንያ መቁጠር አለብኝ ብሎ ወደ ሰርቦ ሄደ።

አሮጌው ዲስክ አንዱን ፋይል ደህና አድርጎ ይሰጣል፣ ሌላውን ነክሶ ይይዛል። የተሻገረው ጤነኛ መሆኑን ለማወቅ እየከፈትኩ መስማት ነበረብኝ። ዝናብ ስለነበር ደንበኛ አልመጣም። እያንጎላጀሁ የወንድሜን ኳስ አዳምጣለሁ። «በቀኝ መስመር ይዟት መጣ፣ አንዱን አለፈው፣ ኮቱ፣ ኮቱ፣ ነይልኝ፣ ሁለተኛውንም አለፈው፣ ቀቢልቱ ኒካሐሃ፣ ወደ መሐል ላካት፣ ጎል!»

ቀና አልኩ። መልሼ አጫወትኩት። ድምፁ አልተቀየረም፣ ፍጥነቱም አልተቀየረም፤ ቃሉ ከኳሷ ጋር አብሮ ነው የሄደው። ሌላ ፋይል ከፈትኩ፤ እዚያም አለ። ሽማግሌ ከተላከበት ጊዜ ጀምሮ ያለውን ሁሉ እያነሳሁ ሰማሁ፤ በየጨዋታው፣ ክንፍ ላይ ተከላካይ ሲያልፍ፣ ቃሉን ይለዋል። አንዴም አልተንተባተበም። «ቡናው ይሰብሰብ»፣ «ቤቱ ይታደስ» ሲለን የከረመ ሰው ክፍሉን ዘግቶ ሲዳር ነበር። ሱቄ ውስጥ ብቻዬን ተቀምጬ አለቀስኩ። ወንድሜን የዚያን ቀን ያህል ወድጄው አላውቅም። ከዚያ በኋላ አሮጌው ዲስክ አልሰጥም ያለኝን ፋይል ሁሉ እየለመንኩ አወጣሁት፤ ለእሱ ግን ምንም አልነገርኩትም።

አዲሱ ዝግጅት ሠራ። የመጀመሪያውን ቅጂ ሄድሴት አድርጎ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሰማው፤ አንድም ቦታ አልተቋረጠም። ራሱን ነቀነቀና ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

የኒካው ቀን ሰርቦ፣ በልጅቷ አባት ቤት፣ ወንዶቹ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠናል። ሴቶቹ ከመጋረጃው ወዲያ ናቸው፤ ሙሽራዋም እዚያው ናት። አባቷ ድርሻቸውን ተናገሩ። ሼኹ ወደ ወንድሜ ዞሩ።

አፉን ከፈተ፤ ምንም አልወጣም። አንገቱ ላይ ያለው ሥር ተገተረ። አንድ ሰው አሳለ፣ ሌላው ጉልበቱን አመቻቸ። አባቷ ምንጣፉን ማየት ጀመሩ። እኔ አጠገቡ ተቀምጬ የገዛ ምላሴ ቃሉን ሊለው ይታገለኛል፤ ጥርሴን ነክሼ ያዝኩት። ከመጋረጃው ወዲያም ድምፅ ጠፋ።

«ሱታ፣ ኢልማ ኮ፣ ሱታ» አሉት ሼኹ፤ ቀስ በል፣ ልጄ፣ ቀስ በል ማለታቸው ነው።

ወንድሜ አንገቱን ደፋ። ከዚያ ጉልበቱ ላይ ያረፉት ሁለት አውራ ጣቶቹ መንቀሳቀስ ጀመሩ። ከእኔ በቀር ያየ ያለ አይመስለኝም። ግራውን ገፋ፣ ቀኙን ጫን ጫን አደረገ፣ ደግሞ ግራውን። በቀኝ መስመር እየመጣ ነው አልኩ በልቤ። አንዱን አለፈው። ያ አላህ፣ ሁለተኛውንም አሳልፈው።

«ቀቢልቱ ኒካሐሃ» አለ በአንድ ትንፋሽ።

ዱዓው ተደረገ፣ እልልታው ከመጋረጃው ወዲያ ቀለጠ። ሰው ሁሉ ሲያቅፈው ቆይቶ ግቢ ስንወጣ ክንዴን ያዘኝ።

«ቀ-ቀ-ቀረጽከው?»

ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነበር። ሃርድ ዲስክ ስመርጥ፣ ባላ ስተክል፣ ፋይል ስለምን ከርሜ፣ ያችን ቃል አልቀረጽኳትም። ዓይኔ ጣቶቹ ላይ ቀርቶ ስልክ መኖሩም ትዝ አላለኝ።

«አልቀረጽኩትም» አልኩት።

ወደ ቤቱ ዞሮ አየ። መጋረጃው አሁን ተገልጧል።

«ግ-ግዴለም» አለ። «እ-እ-እሷ ሰምታኛለች።»