የቦአተማ ፈታሽና የሐዘን ጥሪው

ኩማሲ ከተማ ላይ ኢሜይል የሚፈትሽ ፕሮግራም ነው የምንሠራው። ፈታሹ የደብዳቤውን ቃል አንብቦ የአጭበርባሪ የመሰለውን ይይዛል፣ ሌላውን ያሳልፋል። ጎበዝ ይሁን ሰነፍ የምትለካው ቦአተማ ናት። የሌባ ደብዳቤዎችና ንጹሕ ደብዳቤዎች ትለቅበታለች፤ ስንት ሌባ እንዳመለጠው፣ ስንት ንጹሕ ሰው ሌባ ብሎ እንደያዘ ታያለች። ሥራ ላይ ዝምተኛ ናት። እኔን ለፍላፊውን አጠገቧ አስቀምጣ እንዴት እንደቻለችኝ እንጃ!

አምና በዝናቡ ወራት የወጣው አዲሱ ፈታሽ ውጤቱ ያስጎመጅ ነበር። ሌባ አላመለጠውም፣ ንጹሕ አልነካም። አለቃችን ኦፖኩ ደስ ብሎት፣ ሁላችንም እንደ አክስት አክብረን በምንጠራት ስም፣

"አንቲ፣ ይሄ ሰው ቢሆን እድርልሽ ነበር!" አላት።

"ለልጅህ አስቀምጥላት" አለችው።

ለደንበኛ ከመሸጡ በፊት በራሳችን ኢሜይል ላይ ተከልነው። እሷም እናቷ ታመውባት ፈቃድ ወስዳ እናቷ ወዳሉበት ወደ ማምፖንግ ሄደች።

አንድ ሰኞ ጥቁር ለብሳ ገባች። ሰላም ሳትለን ተቀመጠች።

"ምነው? ምን ሆንሽ?" አልኳት።

"አታውቁም እንዴ? ወንድሜ ለሁላችሁም የእናቴን የሐዘን ጥሪ ልኮላችኋል። ቅዳሜ ድንኳኑ ውስጥ ወንበር ለይተንላችሁ እስኪመሽ ባዶውን ዋለ። አክስቶቼ 'እዚያ ሥራ ቤት ከሰው ጋር አትኖሪም ወይ?' አሉኝ።"

"እናቴ ትሙት አልደረሰንም!" ብዬ ምላሴን ነከስኩ። አፌ ይቆረጥ!

እኛ ዘንድ የሥራ ባልደረባ ቀይና ጥቁር ለብሶ፣ ተሰልፎ ካልመጣ ሐዘንተኛው ተዋረደ ማለት ነው። ደውሎ "ለምን ቀራችሁ?" ብሎም አይጠይቅም። ልናጽናናት ከበብናት፤ እጇን ሰብስባ "ተዉኝ፣ ሥራ ላይ ነኝ" አለችን።

ከዚያ ፈታሹ የያዛቸውን ደብዳቤዎች ከፈተች። የእናቷ ጥሪ ከነፎቶው እዚያ ነበር፣ "ሌባ" ተብሎ። ሞት አለው፣ ቶሎ ድረሱ አለው፣ የመዋጮ የባንክ ቁጥር አለው፣ ማዕረጉ የበዛ የቤተሰብ አለቃም ፈርመውበታል። ሁሉም የሌባ ደብዳቤ ምልክት ነው፤ ፈታሹ ምን ያድርግ? እሷ ንጹሕ ብላ የሰበሰበችው ሁሉ የስብሰባ ጥሪና የዕቃ ማዘዣ ነበር። ቀብር የሌለበት ቅዳሜ በማይታወቅበት ከተማ አንድ የሐዘን ጥሪ አላስገባችበትም።

"ፈታሹን ፈትኜ ራሴ ነኝ ያሳለፍኩት" አለች ቀስ ብላ። አንጀቴን በላችው።

የየቤታችንን የሐዘን ጥሪ ሁሉ ለምና ሰብስባ እንደገና ለካችው። ጉድ ነው! አብዛኛውን ሌባ አለው። ኦፖኩ መጣ።

"አንቲ፣ ሌባ መያዙ እኮ ግሩም ነው። ደንበኛው እየጠበቀ ነው።"

"ይጠብቅ። እንደኔ ወንበር ዘርግቶ የሚቀር ሰው አይኖርም።"

ኦፖኩ ራሱን አክኮ ሄደ።

ፕሮግራሙን የሚጽፉት ልጆች ፈታሹን ባስተካከሉት ቁጥር መጀመሪያ የምትልክልን ያንኑ የወንድሟን ደብዳቤ ነው። ይያዛል። "አልደረሰም" ትላቸዋለች፣ እነሱም ይመለሳሉ። ስንት ሳምንት እንዲህ ሆነ። ሌቦቹ እንዳያመልጡም በጎን ትለካለች።

አንድ ከሰዓት በኋላ የሁላችንም ስክሪን ላይ ደብዳቤው ብቅ አለ። እናቷ በፎቶው ከፊታችን ተቀምጠዋል፣ የቀብሩ ቀን ካለፈ ወራት ሆኖታል። መጀመሪያ ኦፖኩ ተነሣ፣ እኛም ከኋላው ተሰለፍንና ልክ አሁን እንደሰማ ሰው አንድ በአንድ እጇን ጨበጥን።

"እግዜር ያጥናሽ፣ አንቲ።"

"እግዜር ያጥናሽ።"

የእኔ ተራ ሲደርስ እጄን አልለቀቀችም። ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ ስለ እናቷ አለቀሰች።